ሺዎች የሚሳለሙት መቃብር እንዴት ይጠፋል?

መንገደኛ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮ በ1226 ሲያርፍ ዝናው ከጣሊያን አልፎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቅድስናው ታወጀ፤ ወዲያውም በስሙ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ጀመር። ከሩቅም ከቅርብም ሰው ጎረፈ። ሆኖም ዐፅሙ ከዚያ ሕንፃ ሥር የትኛው ስፍራ ላይ እንዳለ ለዘመናት በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። የተገኘው በ1818 ነው።

ማንም የማያውቀው ባሕታዊ በበረሃ ሞቶ መቃብሩ ቢጠፋ አይደንቀኝም። ይህ ግን ሰው በየቀኑ የሚንበረከክበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለው እንዴት ይጠፋል? ማንስ ነው የሚያጠፋው?

ዜና ገድል

ወንድሜ መንገደኛ፣ ማን አጠፋው ላልከው፦ የሚወዱት ናቸው ያጠፉት።

ፍራንቸስኮ በሕመም ደክሞ ወደ አሲዚ ሲመልሱት እንኳ በአጭሩ መንገድ አላመጡትም። ባላንጣዋ ከተማ ፔሩጃ እንዳትነጥቃቸው ፈርተው፣ በታጠቁ ሰዎች አጅበው፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነው ያስገቡት። ሰውየው ገና አልሞተም እኮ! በዚያ ዘመን የቅዱስ ዐፅም ያላት ከተማ ተሳላሚ ይመጣላታል፤ ከተሳላሚው ጋር ደግሞ ገበያውም ክብሩም ይመጣል። ዐፅም የሰረቁ ሰዎችም «ቅዱሱ ባይፈቅድ ኖሮ መች ይነሣልን ነበር» እያሉ ይከራከሩ ነበር እንጂ ሌባ ነን አይሉም።

ስለዚህ በ1230 ዐፅሙ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲፈልስ፣ ሥራውን ይመራ የነበረው ወንድም ኤልያስ የድንጋዩን ሣጥን በብረት አስሮ ከመሠዊያው ሥር አርቆ ቀበረው፤ በላዩም ደፈነበት። ቦታውን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱም በየተራቸው ሞቱ። በ1818 ፈላጊዎቹ 52 ሌሊት ቆፍረው ነው የደረሱበት። ቀን ቀን አልቆፈሩም፤ ወሬው ሳይወጣ እንዲያልቅ ፈልገዋል። የፍራንቸስኮ ተከታይ የነበረችው የቅድስት ክላራም እንደዚያው ነው፤ በ1260 በስሟ ወደታነጸው ቤተ ክርስቲያን ፈለሰች፣ በ1850 ተቆፍራ ተገኘች።

መንገደኛ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላ ድረስ አንድ ሰው እንኳ በወረቀት አላሰፈረውም?

ዜና ገድል

ከጻፍከውማ ምሥጢር መሆኑ ቀረ! ከፍራንቸስኮ የባሰ ልንገርህ። በ1589 የእንግሊዙ የባሕር አዛዥ ድሬክ መርከቦቹን ይዞ የስፔን ወደብ ላ ኮሩኛን ሲያጠቃ፣ በዚያው አገር የምትገኘው የኮምፖስቴላ ከተማ ሊቀ ጳጳስ የሐዋርያው ያዕቆብ ነው የሚባለውን ዐፅም አንሥቶ ደበቀ። ድሬክ ኮምፖስቴላ አልደረሰም። ዐፅሙ ግን ወደ ቦታው ሳይመለስ ሊቀ ጳጳሱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተሳላሚው ተራራና ወንዝ አቋርጦ እየመጣ፣ ካህናቱ ራሳቸው የት እንዳለ በማያውቁት ዐፅም ፊት ይንበረከክ ነበር። በ1879 ከመሠዊያው ጀርባ ቆፍረው አገኙት፤ በ1884 ሊቀ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ «እርሱ ነው» ብለው አጸደቁት።

ጥርጣሬ

ስሜን ያወጣሁት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ከይቅርታ ጋር አንድ ነገር ላንሣ፦ የጠፋው ዐፅም ለምንድን ነው ሁልጊዜ በሚያስፈልግበት ቀን የሚገኘው?

የወንጌላዊው ማርቆስን ተመልከቱ። በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው ወሰዱት። የወደቡ ሙስሊም ፈታሾች እንዳይነኩት በላዩ የአሳማ ሥጋ ደርድረውበት ነበር ይላል ትረካው። በ976 ቬኒስ ውስጥ የተሠራለት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ዐፅሙም የገባበት ጠፋ። በ1094 አዲሱ ሕንፃ ተጠናቅቆ ሊቀደስ ሲል ሕዝቡ ጾሞ ጸለየ፤ አንድ ምሰሶ ተከፈተና ማርቆስ ተገኘ! ለምረቃው ደረሰ ማለት ነው።

በሚላኖም ተመሳሳይ ነው። በ386 የከተማዋ ጳጳስ አምብሮስዮስ ከአርዮሳውያኑ የቤተ መንግሥት ወገኖች ጋር አንገት ላንገት ተያይዞ ነበር። ያሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደስበት ዐፅም ፈለገ። ቆፈረ፣ ገርቫስዮስንና ፕሮታስዮስን አገኘ። ከዚያች ቀን በፊት እነዚህን ሰማዕታት ያስታወሰ ማን ነበር?

ዜና ገድል

ጥርጣሬ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ አልሸሽም። የማርቆስን ምሰሶ እኔም አልሟገትልህም።

ሚላኖ ላይ ግን ቁም። አምብሮስዮስ ሲያርፍ ከሁለቱ ሰማዕታት ጎን ተቀበረ። በኋላ ዘመን ሦስቱም በአንድ ሣጥን ተደረጉና ቦታው ተረሳ። በ1864 ከመሠዊያው ሥር የተገኘው የቀይ ድንጋይ ሣጥን ውስጥ የሦስት ሰው ዐፅም አለበት። ይህ የሁለቱን ስም አያረጋግጥም፤ አምብሮስዮስ ያኖራቸው ሁለት ሰዎች ግን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳላሉ ያሳያል። የኮምፖስቴላውንም በዝም ብሎ አላጸደቁትም። ጣሊያን ውስጥ በፒስቶያ በ12ኛው መቶ ዓመት ከኮምፖስቴላ የተላከ የራስ ቅል ስባሪ ነበር፤ ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ነው። ከተገኙት የራስ ቅሎች አንዱ ላይ የጎደለው ያው ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የተቀበረው ያዕቆብ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በ1589 የተደበቀው በ1879 የተገኘው መሆኑን ግን ያ ስባሪ ይመሰክራል።

ጥርጣሬ

ይህን እቀበላለሁ። ማርቆስን ግን አልመልስልህም።

አንባቢት

ወንድሞቼ፣ ስለ ደባቂና ስለ ሌባ ብቻ አወራችሁ፤ ሆን ብሎ ያጠፋውን ረሳችሁት።

የእንግሊዙ ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በ1170 በካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ ተገደለ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ1220 በወርቅና በዕንቍ ወዳጌጠ መቃብር ፈለሰ። በ1538 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ያንን መቃብር አፈረሰው፤ ሀብቱን ወደ ግምጃ ቤቱ አስገባ። በዚህ አላበቃም፤ የቤኬት ስም ከጸሎት መጻሕፍት ሁሉ እንዲፋቅ አዘዘ። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ላይ ዛሬም የተፋቀው ቦታ ይታያል። ዐፅሙ ተቃጠለ ወይስ መነኮሳቱ አስቀድመው ደበቁት? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልሞተም። በ1888 ከካቴድራሉ ምድር ቤት አንድ ዐፅም ሲወጣ አገሩ በሙሉ «ቤኬት ተገኘ» አለ። በ1949 እንደገና ተመርምሮ እርሱ እንዳልሆነ ተረጋገጠ።

ፓሪስም ቅድስት ጄኔቪዬቭ ነበረቻት፣ የከተማዋ ጠባቂ። በ1793 አብዮተኞቹ ዐፅሟን በአደባባይ አቃጥለው አመዱን ሴን ወንዝ ውስጥ በተኑት። እዚህ ላይ ምሥጢርም መርሳትም የለም፤ ቀኑም ቦታውም ይታወቃል። የምትሳለሙት ዛሬ የመቃብሯን ድንጋይ ነው።

ግንበኛው

እኔ የሥነ መለኮት ሰው አይደለሁም፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በግንባታ ነው። አንባቢት ፈረሰ አልሽ፤ እኔ ደግሞ መገንባት ራሱ ከማፍረስ ይብስ ይሆናል እላለሁ።

ቁስጥንጥንያ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ነበራት። በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የእንድርያስ፣ የሉቃስና የጢሞቴዎስ ዐፅም በታላቅ ሰልፍ ገባበት። ሁለት መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ሕንፃውን አፍርሶ በአዲስ መልክ ሲያሠራ፣ ሠራተኞች ከወለሉ ሥር ሦስት የእንጨት ሣጥኖች አገኙ። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው በሣጥኖቹ ላይ ስም ተጽፎባቸዋል፤ ሦስቱ ናቸው። የሚገርመው መገኘታቸው አይደለም። በዚያው ቤት፣ በዚያው ወለል ሥር ሆነው፣ ቅዳሴ ለአንድ ቀን ሳይታጎል ተረስተው ነበር! ሰዎቹ ሐዋርያቱ በቤቱ ውስጥ እንዳሉ ያውቃሉ፤ የትኛው ድንጋይ ሥር እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም።

እንደ ሙያዬ ስመለከተው አሠራሩ ይገባኛል። ወለል ከፍ ይላል፤ እርጥበት ይመጣና ይደፈናል፤ መሠዊያው ሁለት ክንድ ወዲህ ይገፋል። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ማንም ጥፋት ሠራሁ አይልም። ከሦስት እድሳት በኋላ ደረጃው የሚያወርድህ ወደ ግድግዳ ነው።

ሮም ያለውን የሐዋርያው ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን ልጨምር። በ1823 ተቃጠለ፤ ሲያድሱትም ከመሠዊያው ሥር የነበረው ተሸፍኖ ቀረ። ከ2002 እስከ 2006 በተካሄደው ቁፋሮ ከኖራና ከድንጋይ ሙሌት በታች ትልቅ የድንጋይ ሣጥን ተገኘ፤ ከበላዩ «ለጳውሎስ ሐዋርያ ሰማዕት» የሚል የላቲን ጽሑፍ የተቀረጸበት እብነ በረድ አለ። በእብነ በረዱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። በ2009 በጠባብ ቀዳዳ መመርመሪያ አስገብተው ከውስጥ የወጣው የአጥንት ፍርፋሪ ከ1ኛው ወይም ከ2ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይፋ ተደረገ። ዐፅሙ የት ሄዶ ነበር? የትም። ሁልጊዜ እዚያው ነበር።

መንገደኛ

ግንበኛው፣ ለእኔ ትልቁ መልስ ይህ ነው። ተሳላሚ መጉረፉ ቦታውን የሚጠብቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ተሳላሚው የሚያየው መሠዊያውን ብቻ ነው።

አንባቢት

ተሳላሚ ሲቀርም ያው ነው። የሮምን ዋሻ መቃብሮች አስቡ። ሰማዕታቱ ከከተማዋ ውጭ በነዚያ ጨለማ ጉድጓዶች ተቀብረው ሳለ ሰው በመብራት እየወረደ ይሳለማቸው ነበር። በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት ከዝርፊያ ለማዳን ሊቃነ ጳጳሳቱ ዐፅሙን እያወጡ በከተማዋ ውስጥ ወዳሉ ቤተ ክርስቲያናት አስገቡት። ዐፅሙ ዳነ። ዋሻው ግን ከእንግዲህ የሚወርድበት ምክንያት ስለሌለ አፉን አፈር ደፈነው። ብዙዎቹ እስከ 1578 ድረስ እንዳልነበሩ ሆኑ፤ ያን ዓመት ነው ሠራተኞች በሳላሪያ መንገድ ዳር ሲቆፍሩ ያለፈቃዳቸው በአንዱ ላይ የወደቁት።

ባለመዝገብ

ክሩን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ጽፌ ተውኩት፣ እንደገና ጻፍኩት፤ ረዝሟል፣ ታገሡኝ።

በመዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላ ስንዛወር ዕቃ ተሸካሚዎቹ ሣጥኖቹን በጥንቃቄ አወረዱ፤ አንድም አልተሰበረም። የሣጥኖቹ ወረቀት ግን በላብና በአቧራ ተላጠ። ከሳምንት በኋላ ሙሉ ክፍል ሰነድ ተደርድሮ እያየሁ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ሁሉም ነበር፤ ምንም አልነበረንም። ያን ጊዜ ነው መጥፋት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ። እናንተ የምታወሩት በአብዛኛው ስለ ዐፅም መጥፋት አይደለም፤ ስለ ወረቀቱ መላጥ ነው።

የሳሮቩ ሱራፌል ታሪክ ለዚህ ነው የሚደንቀኝ። በ1833 ያረፈ፣ በ1903 ቅድስናው የታወጀለት ሩሲያዊ መነኩሴ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በ1920 መንግሥት ሣጥኑን አስከፈተ፣ በ1927 ዐፅሙን ከገዳሙ ወሰደው፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሰው ሁሉ ተቃጥሏል ብሎ አለቀሰ። በ1990 መጨረሻ ሌኒንግራድ ውስጥ፣ በቀድሞው የካዛን ካቴድራል ውስጥ የተቋቋመው የሃይማኖትና የአምላክ የለሽነት ሙዚየም ሕንፃውን ሊያስረክብ ዕቃ ሲለይ፣ በመጋዘን ውስጥ የተጠቀለለ ዐፅም ተገኘ። እጆቹ ላይ ጓንት ነበረ። በአንዱ «ክቡር አባት ሱራፌል»፣ በሌላው «ስለ እኛ እግዚአብሔርን ለምን» የሚል በክር ተጠልፏል። በ1991 ወደ ዲቬዬቮ ገዳም ተመለሰ።

እስቲ አስቡት። አምላክ የለሾቹ አላቃጠሉትም፤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ረሱት። ማን መሆኑን የነገረው የመዝገቡ ቁጥር አልነበረም፤ ከብዙ ዓመት በፊት መርፌና ክር የያዘ ሰው ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጣሊያን፣ ፓቪያ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሂፖው አውግስጢኖስ ዐፅም ከ8ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንዳለ ሁሉም ያምናል። በቤቱ ውስጥ በአውግስጢኖስ ሥርዓት የሚኖሩ ሁለት ማኅበራት ለሁለት ተከፍለው ይኖሩ ነበር፤ አይዋደዱም ነበር። በ1695 ሠራተኞች ምድር ቤት ውስጥ የእብነ በረድ ሣጥን አገኙ። እርሱ ነው አይደለም በሚል ክርክሩ 33 ዓመት ፈጀ፤ በ1728 ሊቀ ጳጳሳት በነዲክቶስ 13ኛ ፈረዱበት። ሣጥኑ ላይ በግልጽ የተቀረጸ ስም ቢኖር በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ነበር።

ጥርጣሬ

ባለመዝገብ፣ ስለ ጓንቱ አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ። ግን ወረቀት ሲኖርስ? ወረቀትም ይዋሻል።

በ1802 በሮም በጵርስቅላ ዋሻ መቃብር የአንዲት ወጣት ዐፅም በሦስት ሸክላ ተዘግቶ ተገኘ። ሸክላዎቹ ላይ የተጻፈው እንዳለ ሲነበብ ትርጉም የለውም፤ ቦታ ሲቀያየሩ «ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ፊሉሜና» ይወጣዋል። ከዚህ ሦስት ሸክላ ውጭ ስለ ልጅቷ አንድ መስመር የጥንት ጽሑፍ የለም። ዐፅሙ በ1805 ጣሊያን ውስጥ ወዳለችው ሙኛኖ ሄደ፤ ከዚያ ተአምር፣ ገድል፣ የልደትና የሞት ታሪክ ሁሉ ተጻፈላት፤ መላው አውሮፓ ስሟን ጠራ። በኋላ ሊቃውንት ሸክላዎቹ ከሌላ መቃብር ተነሥተው ዳግም ያገለገሉ ሊሆኑ ይችላሉ አሉ፤ በተዘበራረቀ ተራ የተቀመጡትም ለዚህ ይሆናል። በ1961 በዓሏ ከቀን መቁጠሪያ ወጣ። ስም ያለ ሰው፣ ሰው ያለ ስም! ምናልባትም ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ስሟን ለሌላዋ ሰጥታ ራሷ የጠፋች።

ዜና ገድል

ወንድሜ ጥርጣሬ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስትጽፍ ትንሽ ሳታዝን አልቀረህም መሰለኝ።

ጥርጣሬ

ጸሐፊውን ተው፣ ጽሑፉን አንብብ።

አንባቢት

ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ከማየቴ በፊት የኢንስዊዝን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው እርሷ ናት። በ7ኛው መቶ ዓመት የኖረች የኬንት ልዕልት ናት፤ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ፎክስቶን በምትባል ከተማ ገዳም ውስጥ የኖረች። የቤኬትን መቃብር ያፈረሰው ዘመን የእርሷንም ስም አጠፋው። በ1885 የከተማዋን ቤተ ክርስቲያን ሲጠግኑ ሠራተኞች ከሰሜኑ ግድግዳ ውስጥ የእርሳስ ሣጥን አወጡ፤ በውስጡ የተሰባበረ አጥንት ነበር። የእርሷ ይሆናል ብለው እዚያው ግድግዳ ውስጥ መለሱት። በ2020 ሳይንቲስቶች በካርበን ሲመረምሩት አጥንቱ የ7ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ዕድሜዋም ከ17 እስከ 20 ሆኖ ተገኘ። ከትረካው ጋር ይገጥማል።

ባለመዝገብን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አንድ ሰው፣ መቃብሩ ሊፈርስ ሲል፣ በሌሊት ይሆናል፣ አጥንቷን ሰብስቦ ግድግዳ ከፍቶ ከትቶ መልሶ ገነባ። ስሟን ግን አልጻፈም። ለምን?

ባለመዝገብ

ቢጽፍ ቀጣዩ ፈታሽ ያነበዋል።

ግንበኛው

እኔ የምለው ደግሞ ግድግዳውን አስተካክሎ ስለ ገነባው ነው የተረፈው። ሸንተረሩ ቢታይ ይከፍቱት ነበር። እዚያው እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ የቅድስት ዊት መቃብር በ1900 ሲሰነጠቅ ነው ውስጡ የእርሳስ ሣጥን እንዳለ የታወቀው፤ ሣጥኑ ላይ «የቅድስት ዊት ዐፅም በዚህ ያርፋል» የሚል ቃል በላቲን ተጽፎበታል። በአደባባይ ቆሞ፣ ከፕሮቴስታንት ተሃድሶው አውሎ ነፋስ ሁሉ አልፎ። ማንም እውነተኛ ዐፅም ይኖርበታል ብሎ ሳይጠረጥረው ሳይሆን አይቀርም።

መንገደኛ

ጥያቄዬን ስጽፍ አንድ አጥፊ አገኛለሁ ብዬ ነበር። አሁን በእጄ ስድስት ሰባት አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ጠባቂዎች ናቸው። ከመዝጋቴ በፊት፦ እስካሁን የሚደበቅ ዐፅም ያለ ይመስላችኋል? ማለቴ ዛሬ፣ አሁን የሚያውቅ ሰው ያለው?

ዜና ገድል

አንድ ወሬ አለ፤ ለጥርጣሬ አሳልፌ እሰጠዋለሁ። በእንግሊዝ የደርሃሙ ቅዱስ ከትበርት በ687 ያረፈ ነው። መቃብሩ በሄንሪ ዘመን ፈርሶ ሥጋው ከወለሉ ሥር ተቀበረ። በ1827 ተከፍቶ ዐፅም፣ ጥንታዊ የእንጨት ሣጥንና ከቀይ ዕንቍ ጋር የተሠራ የወርቅ መስቀል ተገኘ። ነገር ግን የቆየ አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል፦ መነኮሳቱ እውነተኛውን ሥጋ አስቀድመው በካቴድራሉ ሌላ ስፍራ ሰውረውታል፤ ቦታውን በየዘመኑ የሚያውቁት ሦስት የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ለአዲስ ሰው ይነግሩታል።

ጥርጣሬ

መስቀሉ በደረቱ ላይ የተገኘውን ሰው ትቼ ሦስት መነኮሳትን አላምንም። ብቻ ከሦስቱ አንዱ ይህን ክር የሚያነብ ከሆነ፣ አባቴ፣ በጥልፍም ቢሆን ይጻፉት።